ቀኝጌታ ምን እየሰሙ ነው?

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ቀድሜ የምናገረው እንዳትስቁብኝ ብዬ አይደለም፤ ስትስቁ በልክ እንድትስቁ ነው። ጅብ አልፈራም፤ አዘዞ አዲሱ ሰፈር ቤት የሠራን ጊዜ ከጅቡ ጋር በአንድ መንገድ ነበር የምንመላለሰው። ነጎድጓድ አልፈራም። የባሌ ዘመዶች ከመካነ ብርሃን ተሰብስበው ሲመጡ እንኳ አልፈራም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘፈን ስሰማ መያዝ።

ከመፍረዳችሁ በፊት የማን ሚስት እንደሆንኩ ስሙ። ባሌ የደብራችን ቀኝጌታ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ማኅሌት ሲቆም በቀኝ በኩል ያሉትን የሚመራ፣ መሪጌታው ሲደክም ቦታውን የሚረከብ ማለት ነው። አባቴም ድጓ አስተማሪ ነበሩ። በቤታችን ሬዲዮ የሚከፈተው ለዜና ነው፤ ዜናው እንዳለቀ አባቴ ጆሮውን ጠምዘዝ ያደርጉታል፤ ከዜና በኋላ በሬዲዮ ምን እንደሚመጣ ያወቅኩት ከተዳርኩ በኋላ ነው። እንግዲህ እኔ ከዚህ ሁሉ ደብተራ መሃል፣ ከበሮ ሲሰማ ትከሻው ባለቤቱን ሳይጠይቅ የሚነሣ ፍጥረት ሆኜ ተወለድኩ። ምን ላድርግ? እኔ አላዘዝኩት!

ዘፈን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ በየዘመኑ እንዴት እንደተለዋወጠ ሌላው ከጋዜጣ አንብቦት ይሆናል። እኔ የማውቀው በፍርሃቴ ነው። በካሴት ዘመን የምፈራው ካሴቱን ነበር፤ ዕቃ ነዋ፣ ይገኛል። ከጓደኛዬ ተውሼ፣ የስብከት ካሴት ሽፋን አልብሼ አልጋ ሥር አኖረዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ አገኙትና «እስቲ ይህን ስብከት እንስማው» ብለው ቴፑ ውስጥ ሊከቱት ሲሉ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ በሆዷ እልል ያለች የጎንደር ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ካሴት አልፎ የኢንተርኔት ቤት ዘመን መጣ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ባለቤቱ ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ «ዘፈኑ አንድ ቦታ ተከምሮ አይደለም የሚገኘው። በየአገሩ ያለው ሰው የየራሱን ሳጥን ከፍቶ ይተወዋል። አንቺ ከሰው ትወስጃለሽ፣ ሰው ደግሞ ካንቺ ይወስዳል» አለኝ። «ካንቺ ይወስዳል» ሲለኝ ቦርሳዬን አቀፍኩ። ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ተከናንቤ፣ አንዷ ዘፈን እስክትወርድ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። መብራት ከሄደ ዘፈኑም እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ዘፈኖች አሉ፤ ልጅቷ እሺ ትበለው እምቢ ትበለው ሳልሰማ ልሞት ነው።

በኋላ የዘፈኖቹ ባለቤቶች በውጭ አገር ፍርድ ቤት ከሰው አዘጉት ተባለ። ያን ሰሞን እህል አልወርድ አለኝ። ክሱ ጎንደር ድረስ የሚመጣ መስሎኝ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ እገባ ነበር። አንዱ ሲዘጋ ሌላ ስም አውጥቶ ሌላው ይከፈታል፤ እሱም ይዘጋል፤ እኔም አብሬ እደነግጣለሁ። ከዚያ ደግሞ ሜሞሪ የሚሞሉ ሱቆች መጡ። «ሙላልኝ» ብቻ ነው፣ ምን እንደሚሞላ ባለሱቁ ያውቃል። ቀጥሎ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ መላላክ መጣ። የመልእክት መላላኪያዎቹ ቻናል ከዚያ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ዘፈኑ እጅ ላይ የማይቀመጥበት፣ በኔትወርክ እየፈሰሰ የሚሰማበት አፕ መጣ። ካሴት የለ፣ ፍላሽ የለ፣ ፋይል የለ። ተገላገልኩ አልኩ! ዱካ የሌለው ኃጢአት እግዜር ላከልኝ ብዬ፣ አበስኩ ገበርኩ፣ አመሰገንኩት እንኳ።

አፑን ያመጣችብኝ ታናሽ እህቴ አልጋነሽ ናት። ሳንጃ ሰሊጥ ትነግዳለች፤ ስልኳ ከጆሮዋ አይወርድም፣ አፏም አይዘጋም። የዓቢይ ጾም መግቢያ ላይ ልትጠይቀን መጥታ፣ «እታለም፣ አሁንም እንደ ድሮው ተደብቀሽ ነው የምትሰሚው? ስጪኝ እስቲ» ብላ ስልኬን ነጠቀችኝ።

ስልኬ ስል ስልኬ እንዳይመስላችሁ። የቀኝጌታ አሮጌ ስልክ ነው፤ ተማሪዎቹ አዲስ ሲገዙለት አሮጌውን ለኔ ሰጠኝ። አፑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ። «በዚህ ስም ልቀጥል ወይ ነው የሚለው» አለችና ቀጥል አለችው። በማን ስም? እኔ መነጽሬን አላደረግኩም፣ እሷ ደግሞ ሳንጃ የምትመለስበት መኪና ሊያመልጣት ነው። የሰው ትዳር የሚበጠበጠው እንዲህ ባለ ጥድፊያ መሆኑን ማን ነግሯት!

«ምነው በጾም?» ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ብያታለሁ፤ ራሴ መልስ የላትም። በጾም ባሌ ቤት አይውልም። እሱ ቤተ ክርስቲያን ጾመ ድጓ ይቆማል፣ እኔ ቤት ሽምብራ እለቅማለሁ። ማዳመጫውን ከሻሼ ሥር ጆሮዬ ውስጥ ወሸቅ አድርጌ፣ እጄ ሽምብራ ላይ፣ ትከሻዬ ሌላ ቦታ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ግን አቆምኩ። የሰኞዋን ካልቆጠራችሁት።

የሰኞዋን ግን የቆጠሩ ነበሩ። ዘፈኑ ሳያልቅ አልጋነሽ ደወለች።

«እታለም፣ ቀኝጌታ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ምነው?»

«ዘፈን ሲሰሙ እያየኋቸው ነው።»

«የት? እሳቸው ስግደት ላይ ናቸው!»

«ስልኬ ላይ ነዋ። ጥምጣማቸውን አድርገው፣ ካባቸውን ደርበው፣ መቋሚያ ይዘው የተነሡት ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ‹አሁን እየሰሙ ነው› ይላል፤ ከዚያ የዘፈኑ ርዕስ።»

ርዕሱን እዚህ አልጽፈውም። ስለ ከንፈር ነው።

አልጋነሽ እየሳቀች አስረዳችኝ፤ እኔ እያለቀስኩ ገባኝ። አፑ የተከፈተው በባሌ ስም ነው። ወዳጅ ከወዳጁ ዘፈን ይጋራ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ሰውዬው የሚሰማውን ሁሉ ስልኩ ውስጥ ቁጥራቸው ላለ ሰዎች ይነግራል፤ አፑ ካላቸው። ያ ስልክ ውስጥ ያለው ቁጥር የማን የማን መሰላችሁ? የደብሩ አለቃ፣ ቄሰ ገበዙ፣ የሰበካ ጉባኤው፣ የጎንደር ካህናት በሙሉ! እኔ ጾሙን ሙሉ ጓዳ ተደብቄ ሰማሁ ስል፣ ባሌን አደባባይ አውጥቼ ሳስጨፍረው ከርሜያለሁ።

«አጥፊው!» አለችኝ።

«በምኑ?»

«በቀስቷ መሰለኝ። ቀስት የመሰለች ነገር አለች፣ እሷን ንኪ።»

ነካኋት። በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው «ኦኬ»ን ነው፤ ኦኬ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ኦኬ አልኩት። እንዲህ ደጋግሞ ከጠየቀ ከሥሩ ሊነቅለው ነው ብዬ ትንሽ ትንፋሽ ገባልኝ። ወዲያው አልጋነሽ ጮኸች።

«እታለም፣ ምን አደረግሽ? ቀኝጌታ ይህን ዘፈን እንድሰማ ጋበዙኝ!»

«አንቺን ብቻ?»

«‹ሁሉም ወዳጆች› ነው የሚለው።»

ወይ ጉዴ! በሰሙነ ሕማማት፣ ሰው ግንባሩን መሬት እያስነካ በሚውልበት ቀን፣ ባሌ የጎንደርን ካህናት ስለ ከንፈር ዘፈን ጋበዘ። ስልኩን ባትሪውን ነቅዬ፣ ባትሪውን ሽምብራው ውስጥ፣ ስልኩን ባቄላው ውስጥ ቀብሬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ። ቤት እሳት ሲነሣ ሰው ሮጦ ይወጣ የለም? እንደዚያ ነው።

የፈራሁት ደግሞ አላግባብ አይደለም። አሮጌው መሪጌታ ዐይናቸው ደክሟል፤ ከፋሲካ በኋላ ቦታውን ለባሌ ሊያስረክቡ ነገሩ አልቆ ነበር። ባሌ ለዚህች ቀን ከልጅነቱ ጀምሮ በየአገሩ ተንከራቷል፤ ቆሎ ለምኖ፣ በውሻ ተነክሶ፣ ጨርቁ በላዩ አልቆ ነው የተማረው። አሁን ይህ ሁሉ በኔ ትከሻ ጠንቅ ገደል ሊገባ ነው። ቢያባርረኝ ይበዛበታል? አይበዛበትም።

ቅጥሩ ውስጥ ስገባ አንዲት የማውቃት ሴት አየችኝና ፊቷን አዞረች። በቃ አውቃለች አልኩ። ሌላዋም እንዲሁ አንገቷን ደፍታ አለፈችኝ። ሦስተኛዋ ዘንድ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ በሰሙነ ሕማማት ሰው አይሳሳምም፣ እጅ ለእጅም አይጨባበጥም። እንግዲህ ማን ለሕማማቱ እንደዘጋኝ፣ ማን ለከንፈሩ እንደዘጋኝ በምን ልወቅ? ከዓመቱ ሳምንቶች ሁሉ መርጬ ሰው ሰላም በማይባባልበት ሳምንት ላይ ጉድ ማፍላቴ!

ሌላ የምሠራው ባጣ ስግደት ጀመርኩ። ሰው ሲያርፍ እኔ አላርፍም፤ ቀና ካልኩ የሰው ዐይን አለ። ከኋላዬ አንዲት የገጠር ሴት ለጓደኛዋ «ምን ያለ ሸጋ ስግደት ነው፣ እንዲህ ያለ ፈሪሃ እግዚአብሔር!» ስትል ሰማኋት። ፍራቱስ አለ፤ የማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ልወጣ ስል አያ ታደለ በሩ ላይ ቆሟል። አያ ታደለ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው። የሚስቱ ወንድም ደግሞ የደብሩ ግራጌታ ነው፤ መሪጌታነቱ ለሱ ቢሆን አያ ታደለ አይጠላም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ ከስግደት መልስ ቀኝጌታን ደጀ ሰላም እንፈልጋቸዋለን። አንዲት የምንጠይቃቸው ነገር አለች» አለኝና ሄደ። አንዲት ብቻ!

በማግስቱ ጠዋት ባሌ ጥምጣሙን ሲጠመጥም አጠገቡ ቆምኩ። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ እንጂ ቤት ውስጥ አንተ ነው የምለው። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

«አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ...» አልኩት።

«ምንድን ነው?»

«ሽምብራ... ትቀምሳለህ?»

«በሕማማት? በጠዋት?» አለኝ። ትክ ብሎ አየኝና መቋሚያውን አንሥቶ ወጣ። ሴት በባሏ ላይ እንዲህ ያለ ክህደት ሠርታ ሽምብራ ታቀርባለች? እኔ አቀረብኩ።

ከስግደት መልስ ደጀ ሰላም ተሰበሰቡ። ሴት እዚያ ምን ታደርጋለች? አትገባም። በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። አለቃው መሃል ተቀምጠዋል፤ አሮጌው መሪጌታ ከግድግዳው ተደግፈው ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ የጉባኤው ሰዎች በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ባሌ ቆሟል።

አያ ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀኝጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ ጾም ዘፈን ሲሰሙ ታይተዋል። በስምዎ፣ በፎቶዎ። ትናንት ደግሞ ጭራሽ ሌላውን መጋበዝ ጀምረዋል።»

አግዳሚው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አለቃው፣ «ልጄ፣ ምን ትላለህ?» አሉት።

ባሌ፣ «የሰማሁት እኔ ነኝ» አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ባሌ ዋሸ! በሰሙነ ሕማማት፣ በደጀ ሰላም፣ ዕድሜውን የለፋበትን ነገር ለኔ ሲል ወርውሮ ዋሸ! ያን ጊዜ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። አባረሩኝ አላባረሩኝ፣ ገብቼ «እኔ ነኝ» ልል በሩን ገፋሁት። አንድ እግሬን አስገባሁ።

አያ ታደለ አላየኝም፤ ክሱን እየቆጠረ ነው። «በምኩራብ ሰሞን እስክስታ። በደብረ ዘይት ሰሞን የመለየት ዘፈን። በኒቆዲሞስ ሰሞን ደግሞ አንዲት አሮጌ የሠርግ ዘፈን፤ እሷኑ ብቻ፤ ስታልቅ መልሶ፣ ስታልቅ መልሶ። ያቺ ሙሽሪትን ‹ትከሻሽ አይፈር› የምትለዋን።»

አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ፣ እንዳለሁ ቀረሁ።

እስክስታው የኔ ነው። መለየቱም የኔ ነው። ይህቺኛዋን ግን በዚያ ስልክ ከፍቼያት አላውቅም። በስልክ መገኘቷንም አላውቅም ነበር። እኔ የማውቃት በሠርጌ ቀን ነው። የባሌ አጎት ማንንም ሳያማክር አዝማሪ ይዞ መጥቶ ያዘፈናት ናት። አዝማሪው ፊቴ ቆሞ «ትከሻሽ አይፈር» እያለ ሲለምነኝ፣ አባቴን ፈርቼ እንደ ምሰሶ ተገትሬ አሳለፍኳት። ባሌ ያን ቀን መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔን ያየኝ አልመሰለኝም ነበር።

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። አለቃው፣ «አንቺስ ልጄ፣ ምን ልትዪ ነው?» አሉኝ።

ስገባ ያሰብኩት «እኔ ነኝ» ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እኔም ሰምቻለሁ» ነው። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

አሮጌው መሪጌታ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ታደለ» አሉ።

«አቤት የኔታ።»

«አንተ ይህን ሁሉ የት ሆነህ አየኸው?»

«በስልክ ነዋ፣ የኔታ።»

«እኔም ስልክ አለኝ። ምነው ለኔ ያልታየኝ?»

«የርስዎ... አፑ የለበትም። ለዘፈን የሚጫነው አፕ።»

«አሃ። ያንተ ላይ አለበት?»

አያ ታደለ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። ቅድም ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው አግዳሚ አሁን የየራሱን ጫማ ያያል። አንዱ እጁን ኪሱ ከትቶ የሆነ ነገር ጠበቅ አድርጎ ያዘ። አለቃው ራሳቸው ስልካቸውን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ቀስ አድርገው ሲሰዱት አየሁ፤ አየሁ አልልም ግን። አሳላቸውና፣ «ጾሙን ሁላችንም እንደሚገባ አልጾምነውም። ሁላችንም በየንስሐ አባታችን ዘንድ እንቅረብ። ተነሡ፣ እንጸልይ» አሉ። ነገሩ እዚያው አለቀ። ከፋሲካ በኋላ ሹመቱ እንደታሰበው ሆነ፤ ባሌ ዛሬ መሪጌታ ነው። ለንስሐ አባታችንም ሁለታችንም ነግረን፣ የየድርሻችንን ሰግደናል።

ያን ቀን ከደጀ ሰላም ወጥተን ወደ ቤት በእግራችን ነው የሄድነው። እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ። ሰው የማይበዛበት ጋ ስንደርስ አልቻልኩም።

«ያቺ የሠርግ ዘፈን የኔ አይደለችም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። እርምጃውን ቀነስ አደረገና ጎን ለጎን ሆንን። «ሁለቱም ስልክ የተከፈተው በአንድ ስም ነው። አሮጌው ላይ የጫናችሁት አዲሱም ላይ ብቅ አለ። መጀመሪያ ሰይጣን መስሎኝ ደግሜበታለሁ። በኋላ ገባኝ። አንቺ የምትሰሚው ሁሉ እኔ ዘንድ ይታያል።»

«ከመግቢያው ጀምሮ?» አልኩት።

«ከመግቢያው ጀምሮ። ከቅዳሴ ስወጣ አየዋለሁ። እስክስታ ከሆነ ደህና ውለሻል። የመለየት ዘፈን ከሆነ ሆድ ብሶሻል፤ ያን ቀን ብርቱካን ገዝቼ እገባለሁ።»

ለካ ብርቱካኑ ለዚህ ኖሯል! እኔ ደግሞ በጾም ብርቱካን ያበዛው ተማሪዎቹ ቢያመጡለት ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ የመምህርነቱ ነገር አላስቻለውም። «የከንፈሩ ዘፋኝ ግን ሲወጣ ድምፁን ይሰብረዋል። የኔ ተማሪ ቢሆን መልሼ አስጀምረው ነበር» አለኝ።

ሳቄ ከእንባዬ ጋር መጣ። «እና ይህን ሁሉ እያወቅክ፣ እኔ በፍርሃት ሳልቅ፣ ምነው ሳትነግረኝ?»

መቋሚያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። እያየኝ አልነበረም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

«ብነግርሽ ታቆሚ ነበራ» አለኝ።